የጎፈሬዎቹ ሸክላዎች

በ1968 ዓ.ም. በዳግም ትንሣኤ እሑድ ደባርቅ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሻረው፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እትዬ ገበያነሽ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ገሠሠ፣ የቀረው የቀበሌው ሕዝብ፣ እና እኔ ልብስ ሰፊው ያርጋል። ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ የእኔ ሸክላ ማጫወቻና የሰበሰብኋቸው ሸክላዎች ተቀምጠዋል። ስብሰባው የተጠራው እነሱን እንድናዳምጥ፣ ከዚያም በገዛ እጄ እንድሰብራቸው ነበር።

ሸክላዎቹ ሁሉ የአንድ የፈረንጅ ሮክ ባንድ ናቸው። የባንዱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድም ሳልስት እጽፈዋለሁ፤ አፌን ሞልቼ ግን አልጠራውም። ከአሥመራ ጎንደር የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ሀይሉ “ጎፈሬዎቹ” ስለሚላቸው ለእኔም ጎፈሬዎቹ ናቸው። ሀይሉ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ሲያድር፣ አሥመራ ካሉ አሜሪካኖች የገዛውን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ይሸጥልኛል። መጀመሪያ ያመጣልኝ ሱቅ የሚሸጠውን፣ ሽፋኑ ባለ ሥዕል የሆነውን ነበር። ኋላ ግን ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ሽፋን ያለው አመጣ።

“ይኼ የስርቆሽ ነው” አለኝ። “ጎፈሬዎቹ መድረክ ላይ ሲጫወቱ አንዱ ካፖርቱ ውስጥ መቅረጫ ሸጉጦ የቀዳው ነው። ኩባንያውም አያውቅ፣ እነሱም አያውቁ። ድምፁ ግን እንደ ሱቁ አይጠራም። ይቅርብህ።”

አልቀረብኝም። በሱቁ ሸክላ ዘፈኑ አንዴ ተዘፍኖ አልቋል። በስርቆሹ ግን ያው ዘፈን በአንዱ ከተማ ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል፤ በአንዱ የጊታሩ ክር ይበጠስና ዘፋኙ ይስቃል፤ ከመቅረጫው አጠገብ የቆመ ሰው ያስላል። የዘንድሮ ማሕሌት ከአምናው እንደማይገጥም ያለ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ነጩን ብቻ አምጣልኝ አልሁት። ሥራ ስፈታ ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣና ሲሞቁ በሬን ዘግቼ እሰማለሁ። ከሰው ጋር መጫወት ይከብደኛል፤ ይኼ አይከብደኝም።

በፋሲካ ሰሞን የቀበሌ ጠባቂዎች የተከለከለ ወረቀት ሊፈልጉ ቤቴ ገቡ። ወረቀት አላገኙም፤ ነጫጮቹን ሽፋኖች አገኙ። ሻረው ሲያያቸው ነገሩ ወዲያው ገባው። ደህና ነገር ቢሆን ኖሮ ስም ይጻፍበት ነበር አለና ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው አስወሰደ።

“አጫውት” አለኝ በአዳራሹ።

መርፌውን አስቀመጥሁ። ባትሪ ድንጋዮቹ ከተወሰዱ ጀምሮ ፀሐይ አላዩም። ሸክላው ዝግ ብሎ ዞረ፤ የዘፋኙም ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሁሉ ወፍሮ ተጎተተ።

“ምነው፣ ማን ሞቶባቸው ነው?” አሉ አቶ ገሠሠ። “ይኼማ ሙሾ ነው።”

“ሌላ ጊዜስ እንዲህ አይደለም” አሉ እትዬ ገበያነሽ። “በግድግዳው እሰማው የለ? ሲጋልብ ነው የሚውል። ዛሬ ስብሰባ ጠልቶ ነው።”

ሕዝቡ ሳቀ። ሻረው ጠረጴዛውን መታ። በዚህ መሐል ዘፈኑ አለቀና የተመልካቹ ጩኸት ከሸክላው ፈነዳ፤ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ መሬት ይረግጣል። ሻረው ብድግ አለ።

“አቁም! ይኼ ሰልፍ ነው! ማንን ነው የሚቃወሙት?”

“ማንንም።”

“ጮክ በል!”

“ማንንም አይቃወሙም። ዘፈኑ አልቆ ነው።”

“አንድ ዘፈን ስላለቀ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ይጮኻል? ሰው እንዲህ የሚጮኸው ወይ ሲራብ ወይ ሲቆጣ ነው!”

“ወይ ሲሰክር” አሉ እትዬ ገበያነሽ።

ሻረው አልሳቀም። ጥቂት አሰበና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ስማኝ ያርጋል። እኔም ብሰብረው ደስ አይለኝም። ጩኸቱ የጭቁን ሠራተኞች ሰልፍ ነው በል፤ ኢምፔሪያሊዝምን እየተቃወሙ ነው በል። ያን ጊዜ ሸክላው ለኪነት ቡድኑ ይገባል፤ አንተም እየመጣህ ትሰማለህ። አለዚያ ግለ ሂስህን አድርገህ ትሰብረዋለህ።”

ለእሱ ይኼ ደግነት ነበር። ሌላ ጊዜ በስብሰባ ስሜ ሲጠራ አቀረቅራለሁ እንጂ አልናገርም፤ አዎን ብዬ መቀመጥ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ያ መቅረጫ የሸጎጠው ሰው የሰማውን እንዳለ ነው የቀዳው። በነጩ ሽፋን ላይ የመጀመሪያውን ውሸት የምጽፈው እኔ ልሆን ነው።

ወደ ሕዝቡ ዞርሁ።

“ጭቁን መሆናቸውን አላውቅም” አልሁ። “ጎፈሬዎቹን ሊሰሙ መጡ፤ ደስ አላቸው፤ ጮኹ። እኔም ደስ ስለሚለኝ ነው የምሰበስበው። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

“እንግዲያው ስበር።” ሻረው ድንጋይ አቀበለኝ።

ድንጋዩን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

“አልሰብርም።”

“ትሰብራለህ!”

“አንተስ እጅ የለህም? አንተ ስበረው።”

ሻረው ይኼን ማድረግ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን። የግለ ሂስ ደንቡ ጥፋተኛው በገዛ አፉ ተናግሮ በገዛ እጁ እንዲያርም ነው። ሊቀመንበሩ ከሰበረው እኔ ሳልታረም ቀረሁ ማለት ነው፤ ያንንም ከአውራጃ መጥተው ለሚጠይቁት ማስረዳት አለበት። ድንጋዩን አነሣ፤ ሕዝቡን አየ፤ መልሶ አስቀመጠው።

“ንስሐ እኮ በግድ አይሆንም፣ ልጄ” አሉት አቶ ገሠሠ። “ቄሱም እንኳ አልቻሉበትም።”

“እርስዎ ዝም ይበሉ!”

“ዝም ብያለሁ። ጠላው ግን ቤት ውስጥ እየኮመጠጠ ነው።”

“ያርጋል ልጄ” አሉኝ እትዬ ገበያነሽ፣ አሁን ሳይቀልዱ። “ትንሿን አንዷን እንኳ ስበርና እንሂድ። ያስሩሃል እኮ።”

“ትንሽ የለችም፣ እትዬ።”

“ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሃለሁ” አለ ሻረው።

“አልሰብርም። ነገም ብትጠይቀኝ አልሰብርም።” ድምፄ ከአዳራሹ ጥግ ድረስ ሲሰማ ራሴም ደነገጥሁ። “ዘፈን ነው። የእኔ ነው። ማንም ሰልፍ ነው ቢለው ሰልፍ አይሆንም።”

ሻረው ሸክላዎቹን በቢሮው ቁም ሣጥን ቆለፈባቸው፤ እኔንም በቀበሌው እስር ቤት። በየእሑዱ አዳራሹ ፊት እያወጡ ጠየቁኝ፤ በየእሑዱም አልሰብርም አልሁ። ሰኔ ላይ ለቀቁኝ። ሸክላዎቹን አልመለሱልኝም። በሐምሌ ጎንደር ወርጄ ሌላ ነጭ ሽፋን ያለው ሸክላ ገዛሁ።