ሦስተኛው እሺ

እትዬ ከታመመች በኋላ የቀራት ቃል አንድ ነው፤ «እሺ»።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ ሰው ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። በቀን ስንት መቶ ጊዜ «እሺ፣ ይጠብቁ» እንደምትል እሷም አታውቀውም። ጡረታ ወጣች፣ ስድስት ዓመት አረፈች፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ቀኝ እጇ ሳሙናውን አልይዝም አለ። ከሆስፒታል ስትመለስ «ይጠብቁ» ጠፍቶ «እሺ» ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቃላቱ አልጠፉም፣ መውጫቸው ነው የተዘጋው፤ የምትሏትን ትሰማለች፣ ይገባታልም አለ። ባለቤቴ ግራ ገባት። እኔ ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆንኩ ወዲያው ተረዳሁት። «ጣቢያው አለ፣ ስፒከሩ ነው የተበላሸው» ብዬ አስረዳኋት። ሐኪሙ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። እሱ ስንት ዓመት ተምሮ የደረሰበት ነገር ነው።

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ነው የሚለኝ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮውን ሳልፈታው፣ ሲያንቋርር ሰምቼ የቱ ጋ እንደታመመ እናገራለሁ። የሰማሁትንም በደብተር እጽፋለሁ፦ «ይንሾካሾካል፤ ሽቦው ላልቷል»፣ «ያጉረመርማል፤ ስፒከሩ ተቀዷል»። በዚህች ጆሮዬ እኮራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣውን ስለሚያከፋብኝ ነው። ሌላ ሰው «አልሰማሁም» ሊል ይችላል። እኔ አልችልም።

ጠያቂዎቿ እሺዋን ወደዱላት። ድሮ አፏ ምላጭ ነበር። «እንዴት ያለች ጨዋ ሆነች እባካችሁ!» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ሕመሙ እንደ አዲስ ቀሚስ ያማረባት ይመስል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው «ቆጣሪው ጓሮ ነው?» ሲላት እሺ አለችው፤ ግማሽ ሰዓት ጓሮ ሲዞር ቆየ። ቆጣሪው በር ላይ ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ፀጉር ቆራጭ አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ የእትዬ እኩያ። ስንት ዓመት ሙሉ ሱቁን ሲከፍት ወደ እትዬ መስኮት ዞሮ «ታገቢኛለሽ?» ይላታል፤ እሷም በየቀኑ አዲስ ስድብ ታዘጋጅለታለች። «መጀመሪያ ጥርስህን አስተክል»፣ «መላጣ ሆነህ ፀጉር ቆራጭ ነኝ ስትል አታፍርም?» እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ ነው መንገዱ የሚነቃው። ከታመመች በኋላ በልማዱ ጠየቃት።

«ታገቢኛለሽ?»

«እሺ።»

መንገዱ በሳቅ አለቀ። ዳቦ ሊገዛ የወጣው ሁሉ ሳቀ። ፀጉር ቆራጩ ደንግጦ «እኔ እኮ ስቀልድ ነው» አለ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ስስቅ ግን ጆሮዬ አንድ ነገር ያዘች።

ያ እሺ ሻይ ስሰጣት እንደምትለው አልነበረም። የሻዩ እሺ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፤ በር ከፍቶ «ግባ» እንደማለት ነው። አንድ አልኩት። ሌላም አለ፤ የሚጎተት፣ «እሺይ?» የሚል፤ «ከዚያስ? ንገረኝ እንጂ» ማለቷ ነው። ሁለት አልኩት። ለፀጉር ቆራጩ የሰጠችው ግን አጭር ነው፣ የተነከሰ። ከሱ በኋላ ትንፋሽ የለም፣ ከንፈሯም ይዘጋል። ፊውዝ ሲቃጠል እንደዚያ ነው፤ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ጸጥታ።

ፈተንኩት። የዱባ ሾርባ አትወድም፤ አቀረብኩላት። ሦስተኛው ወጣ። ሬዲዮ ልዝጋው አልኳት። ሦስተኛው። ልክፈተው አልኳት። አንደኛው። ሦስተኛው እምቢ ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ድምፁን በቃላት ሳልኩት፣ ከሥሩም አሰመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለምን ብባል መልስ አለኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን ወደ ክፍሉ።

የእትዬ ክፍል የመንገድ ዳር ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። የእኔ መሥሪያ ከኋላ ነው፤ ደንበኛ በጓሮ ዞሮ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሚገባው። ብዙዎቹ ሳያገኙኝ ይመለሳሉ። መስኮቱ ደግሞ ለእትዬ ሁለተኛ ማዞሪያ ቤቷ ነበር። ሰው ቆም ብሎ «እንዴት አደርሽ» ይላታል፣ መልእክት ይተዋል፣ ሐሜት ያቀብላል። ከታመመች በኋላም አልቀረም። እነሱ ያወራሉ፣ እሷ አንድ ትላለች፣ ሁለት ትላለች፤ ሁለት ካለች ጨዋታው እስከ እኩለ ቀን ይዘልቃል።

ያን የመንገድ ዳር ክፍል ለሱቄ ተመኘሁት። «ጠይቃት» አለችኝ ባለቤቴ። «ግን በደንብ ጠይቃት። ክፍሉ የሷ ነው።»

በደንብ ጠየቅኋት። በጣም በደንብ ነው የጠየቅኋት። «እትዬ፣ የኋላው ክፍል ጸጥ ያለ ነው። መኪና የለ፣ አቧራ የለ። ለአንቺም እረፍት ነው። ብንለዋወጥስ?»

እትዬ መስኮቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«እሺ።»

አጭር። የተነከሰ። ከንፈሯ ተዘጋ።

«አመሰግናለሁ እትዬ» ብዬ አልጋውን የምፈታበት ካቻቢቴ ላመጣ ወጣሁ። ፈጠን ብዬ ነው የወጣሁት። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ «ምን አለች?» አለችኝ።

«እሺ አለች።»

«እሺ አለች ወይስ… እሺ አለች?»

«እሺ ስንት ዓይነት ነው?» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ደብተሩ ኪሴ ውስጥ እያለ።

የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን አውጥቼ እንደ ልማዴ ጻፍኩ። ሰው እንዴት የራሱን ነገር እንደዚያ አድርጎ ይጽፋል እንዳትሉኝ። የሰማሁትን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከጻፍኩት ደግሞ ይወስደኛል። ወሰደኝም።

የኋላው ክፍል መስኮት የጎረቤቱን ግድግዳ ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ አለ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ወደ እትዬ የሚመጣ ሰው አሁን በእኔ ሱቅ ማለፍ አለበት፤ ሱቅ ሲገባ ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮ እንዳለው ትዝ ይለዋል፣ ከእኔ ጋር አውርቶ ይመለሳል። ሥራዬ ደራ። እትዬ ዝም አለች። መጀመሪያ ሁለተኛው እሺ ጠፋ። ከዚያ አንደኛውም እየሳሳ ሄደ፤ ሻዩን ስሰጣት ጭንቅላቷን ብቻ ነቅነቅ ታደርጋለች። ባለቤቴ «ሕመሙ ባሰባት መሰለኝ» አለች። እኔም «መሰለኝ» አልኩ።

በሁለተኛው ወር ሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ላከልን። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ቦርሳዋ በሥዕል ካርዶች የተሞላ ወጣት ሴት ናት። ባለቤቴ ሻይ እያፈላች «ለአፍም ሐኪም አለው እንዴ?» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

ባለሙያዋ ከእትዬ አጠገብ፣ ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ ወንድ ነዎት?» አለቻት።

እትዬ አየቻት። «እሺ።»

ባለቤቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። ባለሙያዋ አልሳቀችም፤ እትዬን ይቅርታ ጠይቃ ወደ እኛ ዞረች። «ቃሉ በራሱ ነው የሚወጣው፣ ሌላ ቃል ስለማይታዘዝላት። እና እምቢ ስትል በምን ታውቃላችሁ?»

«ኧረ እምቢ ብላ አታውቅም» አለች ባለቤቴ። «ከታመመች ወዲህ ያልናትን ሁሉ እሺ ነው።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ልጅቷ አገጯን ያዘችና እትዬን በጆሮዋ መመልከት ጀመረች። ሌላ አባባል አጣሁለት፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እያዳመጠቻት ነበር። ልትደርስበት ነው አልኩ በሆዴ። የዛሬ ልጅ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ እኔ በጆሮዬ ያገኘሁትን የራሷ ልታደርገው ነው። ይህ አንገበገበኝ። ተነስቼ ደብተሬን አመጣሁ።

«ሦስት ዓይነት አለ» አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ስታነብ ፊቷ በራ። «ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ጸጥታ… ጋሼ! ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ማንም» አልኩ። ትሑት ለመምሰል ሞከርኩ።

«ስንት ቤት ሄጃለሁ፣ እንዲህ ያዳመጠ ቤተሰብ አላየሁም።» ለእትዬም እንዲሰማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ሻይ፤ አንድ። የዱባ ሾርባ፤ ሦስት። ፀጉር ቆራጩ፤ ሦስት።» እዚህ ላይ ሁላችንም ሳቅን። ቅጠሉን ገለበጠች። «ክፍሉ፤ ሦስት።» ቀና አለች። «ክፍሉ ምንድን ነው?»

ረስቼው ነበር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ረስቼው ነበር። ጆሮዬ መጋል ጀመረች፤ ሁለቱም።

«የሬዲዮ ክፍል ነው» አልኩ። «የሥራ ደብተር ስለሆነ ተቀላቅሎ ነው።»

ከአልጋው «እሺ» የሚል ድምፅ መጣ።

አጭር። የተነከሰ። ከዚያ ጸጥታ። ስንት ሳምንት እንዲህ ጥርት ብሎ አልወጣላትም።

ባለሙያዋ ደብተሩን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ወደ እትዬ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «ሦስተኛው ነው፣ አይደል?» አለቻት።

«እሺ» አለች እትዬ። መጨረሻው ከፍ አለ። በር እንደመክፈት።

ባለቤቴ ክፍሉን ዙሪያውን አየች፤ አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን። «እሺ አለች ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ብላለች።»

«ብላለች!» አለች ባለቤቴ፤ የሻዩን ትሪ አስቀመጠችና ፊቷን ከእኔ አዞረች።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘጋችና ለእኔ ሳይሆን እትዬ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ከእንግዲህ ሁለት ነገር አሳዩዋትና በግራ እጇ ትምረጥ» አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

ሰው ፊት ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጮኸ። «እትዬ፣ እዚህ» አልኩና ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፣ «ወይስ የድሮ ክፍልሽ?» ግራዬን ዘረጋሁ። እትዬ ወደ ሁለቱም እጆቼ አላየችም። ግራ እጇን ቀጥ አድርጋ በእኔ ራስ ላይ አሳልፋ ወደ መንገዱ በኩል ጠቆመች። ተነስቼ ካቻቢቴውን እስካነሳ ድረስ ጣቷን አላወረደችም።

የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ሳወጣ ፀጉር ቆራጩ ከበሩ ላይ ሆኖ «ምነው ጆሮ፣ ሱቁ ከሰረ እንዴ?» አለኝ።

«ብርሃኑ አልተስማማኝም» አልኩት።

ባለቤቴ ከኋላዬ የጠረጴዛውን አንድ ጎን ይዛለች። «ንገረው እንጂ» አለች። ጠረጴዛውን መሬት አስቀመጠችው፤ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።

«እምቢ ብላኝ ነበር» አልኩት። «እኔ ነኝ እሺ አለች ያልኩት። እያወቅሁ።»

ያ ሰውዬ በሁሉም ነገር ይቀልዳል። በዚህ አልቀለደም። መንገዱን ተሻገረና የእትዬን ወንበር ተሸክሞ መስኮቱ ሥር አስቀመጠላት።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ታገቢኛለሽ?»

«እሺ።»

መንገደኛው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ከኮሪደሩ ሆኜ «እምቢ ብላሃለች!» አልኩ።

«ምን? እሺ ነው እኮ ያለችው!»

«ሦስተኛው ነው። እምቢ ነው።»

ፀጉር ቆራጩ ደረቱን ያዘ። «ተመስገን! ይሄን ሁሉ ወር የታጨሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ!» እትዬ ሳቀች። ሳቋ ምንም አልሆነም፤ ድሮ እንደነበረው ነው። ከዚያ «እሺይ?» አለችው፤ ሁለተኛው ነው፤ እስከ እኩለ ቀን አወራላት።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ሻይ ይዤላት ገባሁ። ደብተሩ አሁንም እሷ ጋ ነበር፣ ትራሷ ሥር። ሻዩን ተቀበለችኝ፤ «እሺ» አለች፣ መጨረሻው ከፍ ብሎ።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ሻዩን ቀመሰች። መንገዱን አየች።

«እሺ» አለች።

ጆሮዬን ደፍኜ ቢሆን ኖሮ ደስ እያለኝ እወጣ ነበር። ደብተሩን ከትራሷ ሥር እንዳወጣ በዓይኔ ጠየቅኋት፤ በግራ እጇ አቀበለችኝ። እሷ እያየችኝ ጻፍኩ፦ «ሻይ፤ አንድ። ይቅርታ፤ ሦስት።» አዙሬ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አነበበችው፣ ወይም አየችው፤ ማንበቧን ባለሙያዋ ገና አልፈተነችም። ከዚያ ደብተሩን ወሰደችና ትራሷ ሥር መለሰችው።