ባሕር ማዶ የቀረ ስም

ኢንተርኔት ከሰማይ የሚወርድ ነበር የሚመስለኝ። ምን አውቄ! ስልኩን ከፍ ስታደርገው ይሻለዋል፣ ዝናብ ሲጥል ይብስበታል፤ ታዲያ ሌላ ከየት ይመጣል ልበል? ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ድንገት ሲጠፋ የደሴታችን የቫቫኡ ሰው በሙሉ ስልኩን ይዞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ቄሱም፣ ፖሊሱም፣ እኔም። በሦስተኛው ቀን የስልክ ቢሮዋ ሎሴሊ ደጅ ወጥታ አሳፈረችን። ነገሩ ለካ እንደ ውኃ ጎማ የቀጠነ ገመድ ነው፤ በባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው። እዚያ ታች መሬት ተንዶ በጥሶታል። መርከብ መጥቶ ሁለቱን ጫፎች ከጥልቁ ጎትቶ እስኪቀጥላቸው ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለችን። ይሄ ሁሉ ደሴት፣ ይሄ ሁሉ ሰው፣ በአንዲት ገመድ! እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሚስቴ ሲኒቫ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በቀዶ ጥገና ነው፤ ከአልጋ አትነሣም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭንቅ ጥብብ አለኝ። እኛ ዘንድ ለልጅ ስም የምታወጣው የአባቱ ታላቅ እህት ናት፤ የኔዋ እህት ካሎላይኔ ደግሞ ያለችው አሜሪካ፣ ዩታ ነው። ገመዱ ሳይበጠስ በላከችው መልእክት በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ልቧን ከፍተው እንደሚያክሟት ነግራናለች። መትረፏን እንጃ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ቸኩዬ ስሙን ራሴ አወጣሁ፤ በአርባ ቀኑ ሞተብን። ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሞተው አለ። እኔ አላመንኩም። ሲኒቫ ግን አመነች፣ እኔም ሲመሽ ሲመሽ አምናለሁ።

ሌላም ጣጣ አለ። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ መከባበር ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ደንቡን ከሁሉም ያጠብቅ ነበር። ከአሥር ዓመቴ ወዲህ ከካሎላይኔ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥኩም። ያ የቪዲዮ ነገር ሲመጣ ግራ ገባኝ፤ ፊቷ ሳሎናችን ውስጥ ሲታይ ክፍሉ ውስጥ አለች ነው የሚባለው ወይስ የለችም? ቄሱን ብጠይቃቸው እሳቸው ከኔ ባሱ። ስለዚህ በደወለች ቁጥር እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ አሳማዎቼ ነው። ሲኒቫ ታወራለች፣ እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እንዲህ በያት፣ እንዲያ በያት እያልኩ አንሾካሹካለሁ።

አሁን ያለችው መገናኛ የሎሴሊ ቢሮ የሳተላይት ስልክ ብቻ ናት። ለልደትና ለሞት ብቻ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ሲኒቫ ከአልጋዋ ሆና አንተው ሂድ አለችኝ። ደንቡን አነሣሁባት።

«ደንብህን አቅፈህ ተኛ» አለችኝ። «እኔ ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም።»

ተራዬ የደረሰው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ማክሰኞ! ቀኗ አለፈ ብዬ ጮህኩ። ሎሴሊ እዚያ አሜሪካ ገና ሰኞ ነው አለችኝ። እንዴት ሰኞ ይሆናል ብዬ በጣቴ ብቆጥር፣ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት መልስ አገኘሁ። እሷ ቁጥሩን መታችና ስልኩን ዘረጋችልኝ። እባክሽ አንቺ አውሪልኝ ብዬ ለመንኳት።

«ፈለቲ፣ ከኋላህ አርባ ሰው ቆሟል። ወይ ያዝ ወይ ውጣልኝ።»

ያዝኩ። ከሩቅ ቀጭን ድምፅ ማን ነው አለ። ስሜን መጥራት አፈርኩ። «ልጅ ተወልዷል፤ ስም ይፈልጋል» ብቻ አልኩ።

«አባባ?» አለች።

አባታችን ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የኔን የጉልምስና ድምፅ ለካ ሰምታው አታውቅም።

«አባባ፣ ልትወስደኝ መጣህ? ነገ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ጨርሶ የዞረብኝ ያኔ ነው። እኔ ነኝ ብል ደንቡን ማፍረሴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሙት ጠራኝ ብላ ተስፋ ቆርጣ ልትተኛላቸው ነው። ደግሞ ድምፁ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ምን ብዬ ነው የምነጥቃት? ሎሴሊ አንድ ጣቷን አሳየችኝ፤ አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ፈለቲ ነኝ» አልኩ። «አባባ አይደለሁም። ማንም ሊወስድሽ አልመጣም። እንዳትሄጂብኝ።» ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ።

«ፈለቲ? አንተ ራስህ? ደንቡስ?»

«ደንቡ ከገመዱ ጋር ባሕር ገባ።»

እየሳለች ሳቀች። «እንግዲያው ስሙን አሁን አልነግርህም። ከቢላዋው ስወጣ እነግራችኋለሁ። ልጁ ይጠብቀኝ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

እሺ አለች ነው ወይስ እንቢ? ለሲኒቫ ስነግራት ካልወጣችስ አለችኝ። ካሎላይኔ ላይ ተናደድኩ፤ በታመመ ሰው መናደዴ ደግሞ አሳፈረኝ። ልጁን «አንተ» እያልን ሰነበትን። የልደት መዝጋቢው ስም ሲለኝ አክስቱ ጋ ነው እላለሁ፤ ቄሱ ሲጠይቁኝም እንደዚያው። እሷ ትኑር ትሙት የሚነግረኝ የለም። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፤ እዚያ ስንት ቀን እንዳለፈ ግን ማስላቱን ተውኩት።

ልጁ በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመንደሩ ስልክ ሁሉ በአንዴ ይጮህ ጀመር። ገመዱ ተቀጥሏል። ሲኒቫ ልጁን እያጠበች ነበር፤ የኛ ስልክ ሲደውል እጇ በሳሙና ተለውሷልና አንሣው አለችኝ። አነሣሁት። ያው ልማድ ሆኖብኝ ፊቴን አዙሬ፣ ስልኩን ወደ ሲኒቫ ዘርግቼ ከወንበሬ ተነሣሁ። ድምፅ ግን አይመጣም። ተበጠሰ ደግሞ ብዬ አየሁት።

ካሎላይኔ ነበረች። ጉሮሮዋ ላይ ቱቦ ተተክሎላት፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ እናታችንን መስላ። መናገር ስለማትችል በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሲኒቫ ምን ይላል፣ ምን ይላል ትለኛለች።

«ታሊ» አልኩ። በእኛ ቋንቋ ቆይቶ የጠበቀ ማለት ነው። ሲኒቫ እርጥቡን ልጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ ስሙን ደጋግማ ጠራችው።

ካሎላይኔ ወረቀቱን አላወረደችም። ከሥሩ ሌላም ጽፋበታለች። ቀረብ አድርጌ አነበብኩት።

«አንተ ተቀመጥ» ይላል።

ተቀመጥኩ።