በመተንፈሻው ላይ የተሰቀለው መጅ

ጌታው የሚባለው መካኒክ እንደሚለው፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው የአዘዞው ዘይት መጭመቂያ ቦይለር የዘንድሮን ያህል ጤና ሆኖ አያውቅም፤ ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣው መተንፈሻ ጾሙ ከገባ ወዲህ አንዴም አልጮኸም። እሳት አንዳጁ ባፈና ደግሞ ቦይለሩ ሊፈነዳ ነው ባይ ነው። ምስክሩም ያው ነው፤ መተንፈሻው አንዴም አልጮኸም።

የመጭመቂያው ባለቤት ወይዘሮ ይመኙሽ በሁለቱ መካከል ቆመው ያዳምጣሉ። ደጁን የኑግ ዘይት ፈላጊ ሞልቶታል። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ገበያ ይኸው ዐቢይ ጾም ነው፤ እሳቱ ከጠፋ ገበያተኛው ወደ ሌላ መጭመቂያ ይሄድባቸዋል።

«ምነው ባፈና፣ እሳት ዳር ቆመህ ትንቀጠቀጣለህ?» አለ ጌታው።

«ግድ የለም አያ ጌታው፣ ሲፈነዳ አብረን እንሞቃለን።»

ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቦይለሩ ክፍል ገቡ። የመለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፏል። ቀና ቢሉ፣ በመተንፈሻው ክዳን ክንድ ላይ የወፍጮ መጅ በሽቦ ታስሮ፣ እንዳይከፈት ተጭኖታል።

«ይኼን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ እመይቴ። በቅዳሴ ሰዓት እየጮኸ ካህናቱን ቢያስቸግር፣ ለእግዜር ቤት ብዬ ነው። መርፌው እንደሆነ ድሮም ያብዳል።»

ባፈና መጁን ሊያወርድ ተንደረደረ። ጌታው ክንዱን ለቀም አደረገው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መርፌው እንዳላበደ አሁን ገብቶታል።

«አትንካው! እንፋሎቱ በዚህ ጉልበት ድንገት ከተለቀቀ አንድዶ ይጨርሰናል። መጀመሪያ እሳቱን!»

«አውጡት!» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ፤ ራሳቸውም ወጥተው ሰዉን ከግድግዳው አርቀው ከደጁ ራቅ ብሎ ወዳለው ዋርካ ሰደዱት።

ሁለቱ ፍሙን በአካፋ እየዛቁ አወጡ። መርፌው እንደ እልኸኛ በቅሎ ንቅንቅ አልል አለ። ቆይቶ ግን ዝቅ፣ ደግሞም ዝቅ አለ። ከቀዩ መስመር ብዙ ሲወርድ ጌታው መጁን በቀስታ ፈታው። እንፋሎቱ እየጮኸ በጣሪያው ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዋርካው ሥር ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ባፈናም ጌታውን አቅፎ ከመሬት አነሳው።

«ዘይቱሳ?» አለ ከሰዉ መካከል አንዱ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ደረጃው ላይ ወጡ።

«ዛሬ ዘይት የለም! ቦይለሩ እስኪፈተሽ እሳት አይነድም፤ የሚሄድ ይሂድ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አደጋ የታየው ሠራተኛ ሁሉ፣ ጠራጊዋም ብትሆን፣ እኔን ሳይጠይቅ እሳቱን ያጥፋ!»