የጓዳዋ ማንኪያ

ልብስ ሰፊው እንክብሉን በጥፍሩ ፈልቅቆ ከፈተና ውስጡ ያሉትን ደቃቅ ፍሬዎች ማንኪያ ላይ ደፋቸው። በመቀሱ እጀታ ደፍጥጦ ውሃ ጠብ ሊያደርግበት ሲል ሴት ልጁ ከች አለች።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነዋ። ቁርስ ሳልበላ መሆኑንም እዪልኝ። ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ማንኪያውን ተቀበለችው። ለካ ጉዱ እዚህ ኖሯል። መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ፣ ቃሩ ደረቱን እያነደደው፣ ጉሮሮው ቆስሎ የሰነበተው ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻለህ ስፌት መኪና ላይ ማጎንበስ ይቅርብህ ብሎታል ሐኪሙ። እሱን ደግሞ መኪናህን ተው ማለት ቁጭ ብለህ ሙት እንደማለት ነው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ትደፈጥጠዋለህ?"

"ታዲያስ። በዚህ ቤት መድኃኒት ያለ ማንኪያ ተወስዶ ያውቃል?"

እውነቱን ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ቃር ያዘኝ ማለት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። የመኪናው ድምፅ ቀጥ ሲል ከጓዳ ትሰማና የነጩን ሽሮፕ ጠርሙስ እየናጠች ብቅ ትላለች። "ሥራ አትፍታ፣ አፍህን ብቻ ክፈት" ትለዋለች። እጁ ጨርቁን እንደያዘ ይከፍትላታል። አጉርሳው ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ትመለሳለች። ሽሮፑ ኖራ ኖራ ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ጣዕም እንኳ ናፈቀው።

"ይሄኛው እንደ ሽሮፑ አይደለም" አለች ልጁ። "ፍሬዎቹ ከተደፈጠጡ የሆድህ አሲድ ሥራቸውን ሳይጀምሩ ያበላሻቸዋል። እንክብሉ እንዳለ ነው የሚዋጠው።"

"እና ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የለፋሁት?"

"በከንቱ።" ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እማዬ ብትኖር ጆሮህን ነበር የምትቆነጥጥህ።"

"እሷ ብትኖርማ መቼ በራሴ እወስድ ነበር" አለና አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ ዱቄቱን ደፍታ ማንኪያውን አለቀለቀችው። ሌላ እንክብልና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። መዳፉ ላይ ልታኖርለት ስትል እጁን ሰበሰበ።

"ማንኪያው ላይ አድርጊልኝ" አላት። "አልደፈጥጠውም።"

መኪናው ፊት ተቀምጦ ጨርቁን በሁለት እጁ ያዘና አፉን ከፈተ።