የመፈልፈያው ሙቀት

አክስቴ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ካሠራች ወዲህ እንቁላሎቹ እየተበላሹ አስቸገሯት። ጭንቀቷን ሳይ ትንሽ ኮምፒውተርና የሙቀት መለኪያ አገናኝቼ ፕሮግራም ጻፍኩላት። ቁጥሩ ግን ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ምንም ሊገባን አልቻለም።

የሥራ ባልደረባዬን ባማክራት፣ "እህቴ፣ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁጥር ከነሰዓቱ ፋይል ላይ አስቀምጪው። ግራፉ ከዚያ በኋላ በሁለት መስመር ኮድ ይወጣልሻል፤ ማሳመሩ ይደርሳል" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ግራፉን ለአክስቴና ለባሏ ለጋሼ አሳየኋቸው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ይወርዳል።

"መብራት እየጠፋ ይሆን?" አለች አክስቴ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንቺ ሱቅ ስትሄጂ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ክዳኑን ከፍቼ ትንሽ አጫውታቸዋለሁ።"

ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ አክስቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አንተ ሰው! እኔ እያለሁልህ ከእንቁላል ጋር ታወራለህ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ አብራቸው መዋል ጀመረች። ክዳኑን የሚነካው ሰው ጠፋ፤ ጫጩቶቹም አንድ ጠዋት ቤቱን በጩኸት ሞሉት።

ባልደረባዬን ላመሰግናት ስደውል አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ልጄ፣ አላውቅሽም፤ ግን ውለታሽ አለብኝ። እጅሽ ይባረክ!" አለቻት። ጋሼ ደግሞ ከጎኗ ሆነው፣ "የኔንም ምርቃት ጨምሪላት" ይላሉ።