ቢጫው መስመር

«ከበሩ ላይ ይነሱ እንጂ እማማ፣ ሰው በየት ይግባ?» አለች ምራቷ፣ የሻይ ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዘች።

«የመጣበት እግር አለው፤ ይሻገር።» ክር ሻጯ ከበርጩማዋ ንቅንቅ አላለችም።

ልጇ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደፉ ላይ ተተክላለች፤ ገቢውም ወጪውም በጎኗ እየተሹለከለከ ያልፋል። ልጅ የሞተባትን ሴት ማን ደፍሮ ተነሺ ይላል? ልጅ ባይሞትባትም አትነሳም ነበር። ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ስትቀመጥ ከመቀመጫዋ ያስነሳት ሰው የለም። ቀኝ እጇ ከቀሚሷ ኪስ አይወጣም። አጽናኙን ሁሉ በግራዋ ነው የምትጨብጠው። ሰውም ሐዘን ነው ብሎ አለፈላት።

ከውስጥ ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ። ቀስ ብሎ ማውራት ያልለመደ አፍ ሲያንሾካሹክ ጭራሽ ጎረቤት ይሰማዋል።

«የእሳቱን መጋረጃ እንዳይወርድ የያዘው የጨርቅ ሻጯ ጣቃ ነው አሉ።»

«እሷማ ሁለት ጊዜ ተጽፎባታል። ልቧ ድንጋይ ነው።»

«ለቅሶ ትመጣ ይሆን?»

«በምን ዓይኗ።»

አሮጊቷ ኪሷ ውስጥ ያለውን ብረት ጨበጥ አደረገች። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ዝም ያለ ምላስም እንደሚሰብር በዚህ ሦስት ቀን ነው ያወቀችው።

የሚሠሩበት ሕንፃ ባለ አራት ፎቅ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ በአንድ ወገን ጨርቅና ክር ይሸጣል፣ በሌላው ወገን ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ደረጃው በሰፊዎቹ በኩል ነው። ገዢ እንደልቡ ይመላለስ ተብሎ መሃሉ ግድግዳ የለውም። በግድግዳው ፈንታ ጣሪያው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የእሳት መጋረጃ አለ። ጭስ ሲሸተው ራሱ ይወርዳል። ከታች ያለው ከባድ ብረት ወለሉን ሲነካ እሳቱ ወዲያ፣ ሰው ወዲህ ይቀራል። ወለሉን ካልነካ ግን ምንም አይደለም።

የዚህ መጋረጃ ጠባቂ ልጇ ነበር። በየወሩ እያወረደ ይፈትሸዋል። ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ በቢጫ ቀለም አስምሮ፣ ዕቃ ሁሉ ከመስመሩ ሁለት ጫማ እንዲርቅ በገዛ እግሩ ይለካል፤ ተረከዝ ከጣት እያገናኘ።

«እማዬ፣ ሳጥንሽ መስመሩ ላይ ነው።»

«አንተ ደግሞ፣ ይኼን መጋረጃ ከማን መኝታ ቤት አመጣኸው? ጨርቅ እሳት ሲከለክል አላየሁም። ጨርቅ የእሳት ቁርስ ነው።»

ሻጮቹ ይስቃሉ። አንድ ቀን እሱም እየሳቀ ከመጋረጃው ቁራጭ አመጣና ላይተር ለኮሰበት፤ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። እናትየው ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ለማንቆርቆሪያ መያዣ ይሆነኛል» አለችና ወሰደችው።

ሳጥኗ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፣ ጥግ ጥጉ በቆርቆሮ የታሰረ። መስመሩ ላይ ሲሆን ከደረጃው የሚወጣ ገዢ ከሩቅ ያየዋል። ልጇ አንስቶ ያርቀዋል፤ ጀርባውን ሲሰጥ በእግሯ እየገፋች ትመልሰዋለች። እሱም ያውቃል። ሌላው ላይ ወረቀት ይጽፋል፣ ያስቀጣል፤ እናቱ ላይ ግን ብዕሩ አይነሳም። ጨርቅ ሻጯ ሁለት ጊዜ ከተጻፈባት ወዲህ ጣቃዎቿን መስመሩ አጠገብ አድርሳ አታውቅም። «የራሱ እናት ብትሆን ነው እንጂ» ብላ ታጉረመርም ነበር፣ ቀስ ብላ።

ትናንት የሕንፃው ዘበኛ መጥቶ የሆነውን ነገራቸው። ሲናገር ወለሉን እያየ ነበር።

«እሳቱ ከጨርቅ መጋዘኑ ነው የተነሳው። መጋረጃው ወረደና ጉልበት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ዕቃ ይዞታል። ጭሱ በታች እየሾለከ ወደ ደረጃው ሄደ። ከአራተኛ ፎቅ ሰው ይወርዳል፣ ሕፃን የያዘ አለ። እሱ ተንበርክኮ ዕቃውን ቢገፋው እምቢ አለው። በሆዱ ተሳበና ወዲያ አልፎ ጎተተው። ብረቱ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።»

«ከዚያስ?» አለች ምራቷ።

«መጋረጃውን የሚያነሳ ማንሻ በሱም በኩል ግድግዳው ላይ አለ። ቢያነሳው ይወጣ ነበር። ‹ወርደው አለቁ?› አለኝ ከወዲያ። ‹ገና ናቸው› አልኩት። ቆየና ደግሞ ‹አለቁ?› አለ። ‹ገና› አልኩት።» ዘበኛው ቆቡን በእጁ ጨመደደ። «ሲያልቁ ተጣራሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የጠየቀው ሰው የለም። ክር ሻጯ ያን ሰዓት መንገድ ዳር ነበረች፤ ጩኸቱ እንደተሰማ ሻርፗን አንስታ ወርዳለች። ሻርፗን አልረሳችም።

አሁን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በግቢው በር ጨርቅ ሻጯ ገባች። ያን የምታክል ሴት በሦስት ቀን ከስታለች። ውስጥ ያለው ሹክሹክታ ቆመ። ምራቷ ወጥታ ከአማቷ ጀርባ ቆመች።

«ምን ልታዪ መጣሽ?»

«ላለቅስ ነው የመጣሁት።»

«ሌላ ቦታ አልቅሺ።»

ሴትየዋ አልተመለሰችም። «ጣቃዎቼን የዚያን ዕለት ጠዋት አግብቻቸዋለሁ። ቆጥሬ ነው ያገባሁት» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ሁሉ ሲለኝ ግን እኔም ራሴን ማመን አቃተኝ። አንዱ ቀርቶ ይሆን እላለሁ። እንቅልፍ የለኝም» አለች።

ክር ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። ይቺ ሴት ያልሠራችውን ልታምን ነው። አሮጊቷ አንድ ሳምንት ብትታገሥ ነገሩ እዚያ ላይ ተቀብሮ ይቀራል፤ ምራቷም የባሏን እናት እንዳከበረች ትኖራለች።

ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። መዳፏ ላይ የጠቆረ፣ የተጣመመ የሳጥን እጀታ ነበር፤ አንድ ጫፉ በሽቦ ተጠምጥሟል።

«ይኼን ታውቂዋለሽ?»

ጨርቅ ሻጯ ጎንበስ ብላ አየችው። ሽቦውን በገዛ ፒንሳዋ ያጠበቀችው እሷ ነበረች።

«ከልጄ እጅ የተገኘ ነው» አለች አሮጊቷ።

«እርስዎ የሥራ መሣሪያው እጀታ ነው ብለውኝ ነበር» አለች ምራቷ።

«ዋሸሁሽ።»

«እማማ።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው። ሳጥኑ የኔ ነው። መስመሩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ያነሳዋል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ይቺን ሴት አስገቢያት።»

ምራቷ እጀታውን አየች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። እጇን ለጨርቅ ሻጯ ዘረጋችላት፣ በአሮጊቷ ጎን አሳለፈቻትና ተከትላት ገባች። አማቷን ዞር ብላ አላየቻትም።

ሁለት ሰዎች ከግቢው በር ወደ ቤቱ ይመጡ ነበር። ክር ሻጯ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በርጩማዋን ከደፉ ላይ አንስታ ግድግዳው ሥር ወሰደችው። ከማስቀመጧ በፊት ግን ወደ ደፉ ተመለሰችና በእግሯ ለካች፤ ተረከዝ ከጣት አገናኝታ አንድ፣ ከዚያም ሁለት።