የእውነተኞቹ ኮከብ ቆጣሪዎች አገር

በዚያች ምሽት ራቴን ሳልቀምስ ጋደም ያልኩት ልጄን ፍሬሕይወትን አስለቅሼ ነው። ደምሰው የሚባል ጨዋ ወጣት ሽማግሌ ልኮባት ነበር፤ ኮከብ ቆጣሪው ግን የሁለቱን ስም ከየእናታቸው ስም ጋር ደምሮ፣ በአሥራ ሁለት ገድፎ፣ በቀሪው እሷ አቅራብ፣ ጊንጡ፣ ውሃ፤ እሱ አሰድ፣ አንበሳው፣ እሳት፤ ቢጋቡ አንዱ ሌላውን ያጠፋል ስላለኝ ሽማግሌዎቹን በባዶ መለስኳቸው። ፈርቼላት ነው። ቢሆንም እንባዋ ሲያብሰለስለኝ ቆይቶ በመጨረሻ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

እነሆም በሕልሜ ጠጉራቸው የሸበተ አንዲት እመቤት እጄን ይዘው፣ መንገዱ ጽዱ፣ የሕዝቡም ፊት ብሩህ ወደሆነ አገር አስገቡኝ። ከገበያው መካከል በቆመ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሸማኔው፣ ቄሱና ሼኩ ሳይቀሩ በየስክሪኑ ፊት ተቀምጠው፣ የጌም መቆጣጠሪያ ጨብጠው በሰማያት መካከል መርከብ ይነዳሉ። አንዲት ጎመን ሻጭ የሳተርንን ቀለበት ስታቋርጥ ጎረቤቷ በረዶ ነውና ቀስ በይ እያለች ታስጠነቅቃታለች። እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው አሉኝ። ደንግጬ፣ ታዲያ የስንቱን ትዳር አፈረሱ አልኩ። እመቤቲቱ ሳቁብኝ፤ በዚህ አገር ኮከብ ቆጣሪ ማለት ኮከብ የሚቆጥር ማለት ብቻ ነው አሉኝ።

«ሰማዩን ለማስተማር መጽሐፍ አይበቃም ነበር?» አልኳቸው።

«መጽሐፉንማ ጽፈን ነበር። ሰው ግን የነገሩትን ይረሳል፤ ራሱ የደረሰበትን አይረሳም። ተቀመጥ። ወዴት ልውሰድህ?»

«ወደ አቅራብ» አልኩ፣ ተቀምጬ መቆጣጠሪያውን እየጨበጥኩ።

መርከቤ ገሰገሰች። ከሩቅ ጭራውን ቆልምሞ የነበረው ጊንጥ ስቀርበው ተበታተነ፤ ከአንዳንዱ ኮከቡ እስከ ሌላው ብርሃን እንኳ በመቶ ዓመት አይደርስም።

«እመቤቴ፣ ውሃው የታለ?»

«ውሃ የለም፣ ልጄ። ኮከብ ሁሉ የሚነድ ነው።»

ወደ አሰድም ዞርኩ፤ እዚያም ያው ነው። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

«ታዲያ ልጄን ለምን አስለቀስኳት?»

«ወደሃት ነው» አሉኝ ራሴን ዳበስ አድርገው፤ «ግን ሳታይ።»

ስነቃ ጎሕ ቀድዷል። ያየሁትን ለዕድሩም ለሰፈሩም ልናገር፣ እንዲያ ያለ አዳራሽም እንዲሠራ ልወተውት ቆረጥኩ። ከሁሉ በፊት ግን የልጄን በር አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ፤ ዓይኗ አብጧል።

«ፍሬ፣ ተሳስቻለሁ። የደምሰው አባት ቤት የት ነው?»

«ምን ሊያደርጉ፣ አባዬ?»

«የሴት አባት ደጅ አይጠናም ይባላል» አልኳት ጋቢዬን እየደረብኩ። «ዛሬ እኔ እጠናለሁ።»